ከዛራ ቪዲዮ ላይ የቆረጥኩት

የዛራን ሞት የሰማሁት ዶርም ውስጥ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ለፈተና የማነበውን ማስታወሻ እየቀዳሁ ሳለ ነው። ከላይኛው አልጋ ያለችው ልጅ ስልኳን ወደ ታች ዘርግታ፣ «ይቺ የናንተ አገር ልጅ ሞተች እንዴ?» አለችኝ። ተቀብዬ አየሁት። አንድ የወሬ ገጽ ያወጣው የዛራ ፎቶ ነው። ከጎኑ የሚነድ ሻማ ለጥፈውበታል፤ ከሥሩ «ነፍስ ይማር» ተብሎ ተጽፏል።

አላመንኩም። ዛራ ሙስሊም ናት፤ የሚያውቃት ሰው ቢሆን ኖሮ ሻማ አይለጥፍላትም ነበር። ደግሞም ይኸው ገጽ ባለፈው ክረምት «ዱባይ ገባች» ብሎ ጽፎ፣ እኔ በዚያው ሳምንት እዚሁ ጅማ ሄርማታ ገበያ ውስጥ ፓፓያ ስትመርጥ አይቻታለሁ። ቆይቶም «አገባች» አለ፤ አላገባችም። ስለዚህ «ሞተች» ሲልም ተመልካች ፍለጋ ነው ብዬ ጠረጠርኩ። ከሥር አስተያየት የሰጡት ሰዎችም እንደኔ አላመኑም። አንዱ «ቆይ፣ ትነሳለች» ብሎ የሚስቅ ፊት አስከትሎበታል። ከእሱ ቀጥለው የጻፉት ያንኑ ቃል እየደጋገሙ ወርደዋል። ትነሳለች። አሁን ትነሳለች።

ለምን እንዲህ እንዳሉ ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። ዛራ የታወቀችው በአንድ አጭር ቪዲዮ ነው። እየዘፈነች ሳለ ድንገት በጉልበቷ ትወድቃለች፣ አንድ እጇን መሬት ላይ ታሳርፋለች፣ ጭንቅላቷ ወደ ጎን ዞር ይላል፣ ከዚያ ልክ ከበሮው ሲመታ ብድግ ትላለች። ይህን አወዳደቅ ልጆች በየትምህርት ቤቱ፣ ሚዜዎች በየሰርጉ ተቀባበሉት። እኛ ዶርም ኮሪደር ላይም ሲያደርጉት አይቻለሁ። አይቼ ወደ ክፍሌ ገብቻለሁ።

ሶፊያ ጋ ደወልኩ። ሶፊያ ሄርማታ ውስጥ ትንሽ የቪዲዮ ስቱዲዮ ያላት ሴት ናት፤ ዩኒቨርሲቲ ከመግባቴ በፊት የሠራሁት እሷ ጋ ነው። ዛራንም ያወቅኳት እዚያ ነው።

«እውነት ነው» አለችኝ። «ትናንት አጋሮ ተቀበረች። ልደውልልሽ ብዬ፣ ፈተና ላይ ነች ብዬ ተውኩት።»

«ምን ሆና?»

«ተኝታ ነው የቀረችው። ሐኪሙ ኪኒኑ ነው አለ አሉ። እኛ እንደሆን እናውቀዋለን፣ ቲጂ።»

አዎ፣ እናውቀዋለን። እኔ ደግሞ ሶፊያ የማታውቀውን ጭምር አውቃለሁ። እዚህ የምጽፈው እሱን ነው።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና የመጀመሪያው ውጤቴ አልበቃኝም ነበር። እንደገና እስክፈተን ያለውን ጊዜ ቤት ቁጭ ብዬ እንዳላሳልፍ አባቴ ሶፊያን አነጋገረልኝ። የሶፊያ ስቱዲዮ ከሌሎቹ የሚለየው የሴቶች ድንኳን የሚቀርጽ መሆኑ ነው። በእኛ ከተማ ባሉ ብዙ የሙስሊም ሰርጎች ሴቶቹ ለብቻቸው ነው የሚጨፍሩት። ወንድ አይገባም። ስለዚህ ካሜራ የምትይዘውም የምትዘፍነውም ሴት መሆን አለባት። የዘፈኑ ሙዚቃም ቢሆን ከፍላሽ ነው የሚመጣው፤ ኪቦርድ የሚጫወት ወንድ ማስገባት አይቻልማ። ሴቶቹ እዚያ ውስጥ ሻሻቸውን አውልቀው፣ ውጭ የማይለብሱትን ቀሚስ ለብሰው ስለሚጨፍሩ አንድ ሕግ አለ፤ የካሜራው ካርድ ከቤት አይወጣም። ቀረጻው እንዳለቀ ለሙሽራዋ እናት በእጅ ይሰጣል። በማግስቱ ሶፊያ ላፕቶፗን ይዛ እዚያው ቤት ትመለሳለች፣ አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጣ ታቀናብረዋለች፣ ሲያልቅ ከላፕቶፑ ላይ እናትየው ፊት ታጠፋዋለች። ይህን ሕግ አንድ ቀን እንኳ ሳታጓድል ስለኖረች ነው ሥራ ያላጣችው።

ሌላው ያስተማረችኝ ነገር መቁረጥ ነው። አፏን ሞልታ ስታኝክ የተቀረጸች አክስት ትቆረጣለች። ቀሚሷ የተተረተረባት ሚዜ ትቆረጣለች። «ሰው ይህን የሚያየው ደስ እንዲለው ነው» ትለኝ ነበር። «የሚያሳፍረውን አንቺ ቀድመሽ እዪና አውጪው። ባለቤቷ እንደነበረ እንኳ ማወቅ የለባትም።» እኔ የተነገረኝን አጥብቄ የምይዝ ልጅ ነኝ። ሁለት ወር ሳይሞላ ከሶፊያ ይልቅ እኔ ፈጥኜ ማየት ጀመርኩ።

ዛራ ስሟ ዘሐራ ነው። ከእኔ አምስት ዓመት ትበልጣለች። አጋሮ ነው የተወለደችው። እናቷ ቡና መጋዘን ውስጥ የተበላሸውን ፍሬ ከጤነኛው እየለዩ የሚውሉ ለቃሚ ናቸው። እሷም እስከ አሥራ ሰባት ዓመቷ አብራቸው ለቅማለች። «ድምፄን ያገኘሁት እዚያ ነው» ትል ነበር። «ሃምሳ ሴት መሬት ላይ ተቀምጣ አንገቷን ደፍታ ስትለቅም አንዷ ካልዘፈነች ሁሉም ይተኛሉ። እኔ ነበርኩ የምቀሰቅሳቸው።» ይህ እውነት ይሁን ለቃለ መጠይቅ ያዘጋጀችው ታሪክ፣ በጊዜው እርግጠኛ አልነበርኩም። አንድ ቀን ታዋቂ ስትሆን ጋዜጠኛ ምን እንደሚጠይቃትና ምን እንደምትመልስ ተለማምዳ ጨርሳ ነበር። ስቱዲዮ መጥታ እኔን «ጠይቂኝ» ትለኛለች፤ እጠይቃታለሁ፤ እየሳቀች፣ ፀጉሯን ወደ ኋላ እየመለሰች ትመልሳለች።

ስትዘፍን ግን የምታስመስለው የለም። ከመጀመሯ በፊት ጫማዋን አውልቃ አፉን ወደ በሩ አዙራ ታስቀምጠዋለች። ማይኩን ሁለቴ አገጯ ላይ መታ መታ ታደርገውና ዓይኗን ትጨፍናለች። ከዚያ በኦሮምኛ ትጀምራለች፣ መሀል ላይ ወደ አማርኛ ትገባለች፣ አሮጊቶቹ የሚወዱት አንድ ዜማ ላይ ስትደርስ ድምፇን ዝቅ አድርጋ እነሱ እንዲጨርሱት ትተውላቸዋለች። ድንኳን ውስጥ እንደሷ የሚወደድ ሰው አላየሁም። ሴቶቹ ምግብ ያጎርሷታል፤ እንቢ ስትል አፏን ይዘው ያጎርሷታል። «ከስተሻል፣ ማን ነው የሚያበላሽ?» ይሏታል። እዚያ መብላት ግዴታዋ ነበር።

የምትፈልገው ግን ድንኳኑን አልነበረም። «እዚህ ውስጥ ብሞት ማን ያውቃል?» አለችኝ አንድ ቀን። «መቶ ሴት አጨብጭባልኝ ትሄዳለች፤ ካርዱ ቁምሳጥን ውስጥ ይቆለፋል። ቲጂ፣ እኔ እኮ የተቆለፈ ዘፋኝ ነኝ።»

«አዲስ አበባ ለምን አትሄጂም?»

«በምን ልሂድ? ሄደው የመጡትን አይቻለሁ። አንድ የሚታይ ነገር ይዘሽ ካልሄድሽ አልጋ ነው የሚያሳዩሽ።»

ጫት ትቅማለች ይሉ ነበር፤ እኔም መጀመሪያ የጠረጠርኩት እሱን ነው። ጥርሷን አየሁ፣ ጉንጯን አየሁ፤ ምንም የለም። ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ሰርጋችን ላይ ማስቲካውን አስተዋልኩ። ሁለት የማስቲካ ዕቃ ትይዛለች። አንዱ ቦርሳዋ ውስጥ ነው፣ ለሁሉም ታድለዋለች። ሌላው ቀሚሷ ኪስ ውስጥ ነው፣ ከእሱ ስትወስድ ፊቷን ታዞራለች፣ ደግሞም አታኝክም፤ በውሃ ትውጠዋለች።

«ከዚያኛው ስጪኝ» አልኳት፣ ሆን ብዬ።

እጇ ኪሷ ላይ ቆመ። «ይሄ ያንቺ ዓይነት አይደለም።»

«ምንድን ነው?»

«የእግር ነው። ሦስት ሰዓት ሙሉ ስትጨፍሪ ውለሽ እግርሽ ምን እንደሚል አንቺ ታውቂያለሽ? ካሜራ ይዘሽ ቁጭ ብለሽ።» ከዚያ ሳቀች። «ዓይንሽ ግን የፖሊስ ነው፣ ወላሂ።»

የህመም ማስታገሻ ነበር። መድኃኒት ቤት ያለ ሐኪም ወረቀት የማይሰጥ፣ እሷ ግን ከየት እንደምታመጣው ጠይቄ የማላውቀው። ለሶፊያ ነገርኳት። ሶፊያ የካሜራውን መነጽር እየጠረገች፣ «ስትዘፍን ታስተካክላለች?» አለችኝ። «አዎ» አልኩ። «እንግዲያው ምን አገባን» አለች። በሶፊያ አልፈርድም። እኔም ከዚያ በኋላ ሁለተኛ አልተናገርኩም።

የሐጂያ ሙሚና ልጅ ሰርግ የረመዳን ጾም ሊገባ ሲል ነበር። ሐጂያ ሄርማታ ውስጥ ጨርቅ የሚነግዱ፣ የሰፈሩ ሴት ሁሉ የሚሰማቸው እናት ናቸው። የእሳቸው ድንኳን ውስጥ የዘፈነች ሴት ዓመቱን ሙሉ ሥራ አታጣም ይባላል። ዛራ ያን ቀን ከጧት ጀምራ አልበላችም፤ ቀሚሱ አዲስ ስለሆነ ሆዴ ይታይብኛል ብላ። ከኪሷ ሁለት ጊዜ ስትወስድ አይቻታለሁ። ሦስተኛውን አላየሁም፤ ይኑር አይኑር አላውቅም።

ከሰዓት ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ሶፊያ ለሶላት ወጥታ ካሜራውን እኔ ይዤ ሳለ ወደቀች። መጀመሪያ በጉልበቷ ነው። እጇን ምንጣፉ ላይ አሳረፈች፣ ጭንቅላቷ ዞረ፣ ከዚያ ከፍላሹ የሚመጣው ከበሮ ሲመታ ተነሳች። ሴቶቹ ጭፈራ መስሏቸው እልል አሉ። እሷም ፈገግ ለማለት ሞከረች። ከዚያ እንደገና ወደቀች። በዚህኛው እጇ አልቀደመም። በጎኗ ነው የወደቀችው፣ ማይኩ እየተንከባለለ ሄደ፣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል ድምፅ የለውም። ሐጂያ ሙዚቃውን አስጠፍተው፣ አራት ሴቶች በእጅና በእግር ይዘው ወደ ጓዳ ወሰዷት። «ሙቀቱ ነው» ተባለ። «አልበላችም፣ ምስኪን» ተባለ። ስኳር በውሃ በጥብጠው አጠጧት። እኔ ካሜራውን ለማጥፋት አላስታወስኩም፤ ሁሉም ተቀርጿል።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ጓዳ ስገባ ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣለች። ፊቷ ረጥቧል።

«ቲጂ፣ ምን ሆንኩ?»

«ሙቀት ነው አሉ።»

«እነሱ ያሉትን አይደለም። አንቺ አይተሻል። ቀርጸሻል።» ክንዴን ያዘችኝ። «አንድ ነገር አላስታውስም። ሁለተኛው ዘፈን ላይ ነበርኩ፣ ከዚያ እዚህ ነኝ። ምን እንደመሰልኩ ካላየሁ እንቅልፍ አይወስደኝም። አሳይኝ።»

«ካርዱ አይወጣም።»

«እኔን ብቻ። ከእኔ ሌላ ሰው ያለበትን አልፈልግም።»

እሷን ደስ ማሰኘት ፈለግኩ። ሌላ ምክንያት ብፈልግ ይገኝ ይሆናል፤ እውነቱ ግን ይህ ነው። የፍላሹን ሙዚቃ የምናጫውተው በሶፊያ ላፕቶፕ ስለሆነ እሱም እኔ ጋ ነበር። ካርዱን ለሐጂያ ከመስጠታችን በፊት ያን ቦታ ፈልጌ አገኘሁት። ምስሉን ወደ እሷ ጠጋ አድርጌ የሌሎቹን ሴቶች ፊት አወጣሁ። ከዚያ፣ ሶፊያ እንዳስተማረችኝ፣ የሚያሳፍረውን ቆረጥኩ። ከበሮው ሲመታ ከተነሳችበት ላይ አቆምኩት። ሁለተኛውን መውደቅ አላስገባሁላትም። ወደ ስልኬ ገልብጬ ላኩላት።

ሦስት ጊዜ አየችው። ፊቷ ቀስ በቀስ ተፈታ።

«ከዚህ በኋላስ?» አለችኝ።

«ከዚህ በኋላ ካሜራው ጠፍቶ ነበር።»

ረጅም ጊዜ አየችኝ። እንደጠረጠረችኝ አውቃለሁ። ግን ሰው የሚወደውን ነገር ሲሰጡት ጥርጣሬውን ራሱ ይውጠዋል። «ስለዚህ ተነስቻለሁ» አለች። «ወድቄ ተነስቻለሁ። ከዚያ ነው የደከመኝ።»

«አዎ።»

ከሁለት ቀን በኋላ ቪዲዮው ገጿ ላይ ወጣ። እኔን አልጠየቀችኝም። ሲወጣ ሰው ሁሉ «ሰክራ ነው?»፣ «ምን ወስዳ ነው?» እያለ መጻፍ ጀመረ። ዛራ ስቱዲዮ እየሮጠች መጥታ ስልኩን እጄ ላይ አኖረችው።

«አንቺ ጽሑፍ ትችያለሽ። አንድ ነገር ጻፊልኝ፣ አፋቸውን የሚያስይዝ።»

ለምን እንዳወጣችው ልቆጣት ይገባ ነበር። ሶፊያ ብታውቅ ሁለታችንንም ታባርረን ነበር። ግን ስልኩ እጄ ላይ ነው፣ እሷም እንደ ፈተና ውጤት ነው የምትጠብቀኝ። «ይህ መውደቅ አይደለም፤ የጅማ ጭፈራ ነው» ብዬ ጻፍኩ። ጥሩ ዓረፍተ ነገር መሰለኝ። በማግሥቱ ሌሎች ገጾች ያንኑ እየጠቀሱ አወጡት። ከሳምንት በኋላ ልጆች እያደረጉት ነበር።

ሐጂያ ሙሚና ሰው ልከው አስጠሩን። ዛራን፣ ሶፊያንና እኔን። በቪዲዮው ላይ የማንም ሴት ፊት አይታይም፤ ነገር ግን ከዛራ ኋላ የድንኳኑ መጋረጃና የአንዲት ሴት ቀሚስ ጫፍ ይታያል። የሰፈሩ ሴት ሁሉ የማን ቀሚስ እንደሆነ ያውቃል። ሐጂያ ድምፃቸውን አላነሱም።

«ካርዱ እኔ እጅ ነው ያለው። ይህ እንዴት ወጣ?»

ሶፊያ ዞራ አየችኝ። እኔ ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ ከፍቼው ነበር ብዬ ነው የማስታውሰው። ዛራ ቀደመችኝ።

«እኔ ነኝ፣ ሐጂያ። ሶፊያ ለማታው ሶላት ስትወጣ፣ ይቺ ልጅ ዕቃ ስታነሳ፣ ላፕቶፑን ከፍቼ ወሰድኩ። እነሱ አያውቁም።»

«አንቺ?» አሉ ሐጂያ። «ያጎረስንሽ ቤት?»

«እኔ ነኝ።»

«በይ ሂጂ። ከዛሬ ወዲያ የሴት ድንኳን አትገቢም። እኔ ነኝ ያልኩት፣ ለጠየቀሽ ሁሉ ንገሪ።»

ውጭ ላይ ሶፊያ ከፊት ፊት ስትሄድ ዛራን እጇን ያዝኳት። «ለምን እንዲህ አልሽ?»

«አንቺ ዩኒቨርሲቲ ትገቢያለሽ» አለችኝ። «እኔ ደግሞ አሁን ታይቻለሁ። ድንኳኑን ምን አደርገዋለሁ?» እንደቀልድ ነው ያለችው። በጊዜው ያሰብኩትን ብጽፍ ያሳፍረኛል፤ ይህን ያደረገችው ለወደፊቱ አፌን ለማስያዝ ነው ብዬ ጠረጠርኩ። አንድ ቀን መጥታ ውለታዋን ትጠይቀኛለች ብዬ ለብዙ ወር ጠበቅኩ። መጥታ አታውቅም።

ከዚያ ሥራዋ ሌላ ሆነ። ሆቴል፣ የነጋዴ ግብዣ፣ የሱቅ ምርቃት፣ ሊሙ ገነት፣ አጋሮ። ሴቶች የሚያጎርሷት ቦታ ቀረ። በየሄደችበት ሰው የሚጠብቀው ዘፈኗን ሳይሆን መውደቋን ነው። ስትዘፍን ስልክ አያነሱም፤ ልትወድቅ ነው ሲባል ሁሉም ያነሳል። ይህን የነገረችኝ ራሷ ናት፣ ኅዳር ላይ፣ አጋሮ ውስጥ።

ያኔ ሶፊያና እኔ አንድ የቡና ነጋዴ ግብዣ እንድንቀርጽ ተጠርተን ነበር። ለቀማው ጥሩ ስለነበር ሰውየው በሆቴል ግቢ ውስጥ፣ በቀን፣ ደንበኞቹን ጋብዟል። ዛራም ለመዝፈን ተጠርታለች። ካየኋት ሦስት ወር አልፎኝ ነበር። ክንዷ ቀጥኗል፣ ዓይኗ ሥር ያለውን በቀለም ሸፍናዋለች። ሁለተኛው ዘፈን ሳያልቅ ጠረጴዛ ላይ ያሉት ሰዎች «ውደቂ፣ ዛራ! እህ፣ ውደቂ እንጂ!» እያሉ ጠረጴዛ መደብደብ ጀመሩ። ወደቀች። ከበሮው መታ። አልተነሳችም። ከበሮው እንደገና መታ። በእጇ ተደግፋ፣ እንደ አሮጊት፣ በሦስተኛው ምት ተነሳች። «አረጀሽ!» አለ አንዱ። ሳቁ።

ከጓሮ በኩል፣ ባዶ የቢራ ሳጥኖች የተደረደሩበት ቦታ ላይ አገኘኋት። ከኪሷ ስታወጣ ፊቷን አላዞረችም።

«ዛራ፣ ይሄን ነገር ተዪው» አልኳት።

«ካልወሰድኩ መውደቅ አልችልም። እፈራለሁ። ምንም ሳልወስድ ሞክሬዋለሁ፤ ጉልበቴ እንቢ ይላል፤ ያስታውቃል።» ዋጠችው። «የሚያስቸግረኝ መውደቁ ሳይሆን መነሳቱ ነው። ከወሰድኩ እወድቃለሁ፣ ግን ምቱ ላይ አልነሳም። ያን ቪዲዮ ስንት ጊዜ እንዳየሁት አላህ ያውቃል። እግሬ የት እንዳለ፣ እጄ የት እንዳለ። ያን ቀን እንዴት አድርጌ ነው የተነሳሁት?»

ያን ጊዜ ልነግራት እችል ነበር። ተነስተሽ መልሰሽ ወድቀሻል፣ አራት ሴት ተሸክሞ ነው ያወጣሽ፣ አልችልም ብለሽ የምታፍሪበት ነገር ያን ቀንም አልቻልሽውም ነበር፣ ማለት ነበረብኝ። ይህን ብትሰማ ምናልባት ትተወው ነበር። ምናልባት ደግሞ አትተወውም፤ አላውቅም። እሷ ግን ዓይኗን ፊቴ ላይ ተክላ የምትሰማኝ፣ የሆነ ምስጢር እንደማቀብላት ነበር።

«ጠይቄሽ ነበር» አለችኝ ደግማ። «ከዚያ በኋላ ካሜራው ጠፍቶ ነበር ብለሻል። እውነት ነው?»

«እውነት ነው» አልኩ። «በአንድ ጉልበትሽ ተደግፈሽ ነው የተነሳሽው። በቀኙ።»

«በቀኙ» አለች። ሳጥኖቹን ይዛ ወርዳ ሞከረችው። «በቀኙ። እሺ።»

ከዚያ ሶፊያ ጠራችኝና ሄድኩ። ከዚያ በኋላ አላየኋትም። ምደባ ወጣ፣ ዩኒቨርሲቲው እዚሁ ከተማችን ደረሰኝ፣ ትምህርት ጀመርኩ።

ለቅሶው የሄድኩት ሶፊያ ጋ በደወልኩ ማግሥት ነው፤ ፈተናው ሁለት ቀን ቀርቶት ነበር። ከጅማ አጋሮ በሚኒባስ አንድ ሰዓት ያህል ነው። የእናቷ ቤት መንገድ ዳር ነው። ወንዶቹ ውጭ አግዳሚ ላይ፣ ሴቶቹ ውስጥ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። ስገባ መጀመሪያ ያየሁት ሐጂያ ሙሚናን ነው። ከእናትየው ጎን ነው የተቀመጡት። ከሄርማታ ሌሎችም ሴቶች መጥተዋል። ድንኳን ከልክለዋት ለቅሶዋ ላይ መምጣታቸው ምን ማለት እንደሆነ ለመረዳት ፈልጌ ፊታቸውን አየሁ፤ ፊታቸው ምንም አልነገረኝም።

አንዷ ለእናትየው በጆሯቸው ማን እንደሆንኩ ነገረቻቸው። እጃቸውን ዘረጉልኝ። «ኮቱ፣ ኢንታላ ኮ» አሉኝ፤ ነይ ልጄ ማለታቸው ነው። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። እጄን ይዘው አልለቀቁትም። በአውራ ጣታቸው መዳፌን ይዳብሱታል፣ ፍሬ እንደሚፈትሽ ሰው።

«ቪዲዮ የምታነሺው አንቺ ነሽ?» አሉኝ።

«ነበርኩ፣ ሀርሜ።» እናት ማለት ነው፤ ዛራ እንደዚያ ነበር የምትጠራቸው።

«እኔ ቪዲዮ የሚያሳይ ስልክ የለኝም። ሰው አሳየኝ። የሰፈሩ ልጆችም ደጄ ላይ ያደርጉታል። ጭፈራ ነው ይሉኛል። እሷንም ስጠይቃት ጭፈራ ነው፣ ተነስቻለሁ አይደል ወይ አለችኝ። እኔ ግን ሳየው ጭፈራ አልመሰለኝም። አንቺ እዚያ ነበርሽ አሉ። ንገሪኝ። ጨፍራ ነው ወይስ ወድቃ?»

ጨፍራ ነው ብል እኚህ ሴት ልጃቸው በአገሩ ሁሉ የተደነቀ ነገር ፈጥራ እንደሞተች አምነው ይቀመጣሉ። ሐጂያም ምንም አይሰሙም። ሶፊያ ሥራዋን አታጣም። ይህን ሁሉ በአንድ ቃል መስጠት እችል ነበር፤ የለመድኩትም እሱን ነው።

«ወድቃ ነበር» አልኩ።

የእናትየው አውራ ጣት ቆመ።

«መጀመሪያ ወድቃ ተነሳች። ከዚያ ደግማ ወደቀች። አልተነሳችም። ሴቶቹ ናቸው ተሸክመው ያወጧት። እኔ ሁለተኛውን ቆርጬ ነው የሰጠኋት። እንዳታፍር ብዬ።»

ሐጂያ ከጎናቸው ወደ እኔ ዞሩ። «ከካርዱ ላይ ያወጣሽው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ፣ ሐጂያ። እሷ ላፕቶፑን አልነካችም።»

ሐጂያ ሻሻቸውን ወደ ፊት ሳቡት፣ ፊታቸው አልታየኝም። እናትየው ግን ስለ ካርዱ የሰሙ አይመስሉም።

«ይህን ለሷ ነግረሻት ነበር?» አሉኝ።

«ሁለት ጊዜ ጠይቃኝ ነበር።»

«ነግረሻት ነበር ወይ ነው የምልሽ።»

«አልነገርኳትም።»

ሰሙኝ። ከዚያ እጄን አንስተው፣ ቀስ ብለው፣ ጉልበቴ ላይ መልሰው አኖሩት።